ፎስፌት ሲዛባና ደም አልቆም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሰሞኑን ድዱ የሚደማ ሰው የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ፎስፌት የሚባለው የደም ማዕድን ተዛብቶ ካየ ሁለቱን ማገናኘቱ አይቀርም። አንዳንዴ ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። ለአዋቂ ጤናማው መጠን ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ነው።

ፎስፌት ዝቅ ብሏል፣ ሰውነት በቀላሉ ይበልዛል፣ አቅም የለም

ቁጥሩ 2 አካባቢ ከሆነ የመድማቱን ምክንያት ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከ1 በታች ሲወርድ ግን ቀልድ የለም። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች የሚንቀሳቀሱት ኤቲፒ በሚባል ጉልበት ነው፤ ኤቲፒ ደግሞ ያለ ፎስፌት አይሠራም። ስለዚህ ብዛታቸው ሙሉ ሆኖ እያለ እንኳ ሥራቸው ሊደክም ይችላል። ቀይ የደም ሴሎች ሊፈርሱ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎችም ሊዝሉ ይችላሉ። እኔን ከመድማቱ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ምግብ ነው። ለቀናት ሳይበላ የቆየ ሰው በአንዴ ሲመገብ ኢንሱሊን ፎስፌቱን ከደም ወደ ሴል ይስበዋል። የአልኮል ሱስ፣ አሉሚኒየም ያለበትን የጨጓራ መድኃኒት አዘውትሮ መውሰድም ያወርዱታል።

መፍትሄው፦ ከ1 በታች ከሆነ ሆስፒታል። እዚያ በደም ሥር፣ በቀስታ ይሰጣል፤ ከተቸኮለ ካልሲየምን ያወርዳል። ማግኒዥየምና ፖታሲየምም አብረው ይታዩ።

ፎስፌት ከፍ ብሏል፣ ነስርም አለ

መጀመሪያ ኩላሊት ይመርመር። «ፎስፌት ካልሲየምን ይይዛል፣ ካልሲየም ከሌለ ደም አይረጋም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ግን ለመርጋት የሚበቃው ካልሲየም በጣም ትንሽ ነው። ካልሲየም እዚያ ድረስ ሳይወርድ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የኩላሊት ታማሚን በዋናነት የሚያደማው በደሙ የተጠራቀመው ቆሻሻ ፕሌትሌቱን ስለሚያሰንፈው ነው።

ስለዚህ ፎስፌቱን ብቻ ማውረድ ነስሩን አያቆምም። ዲያሊሲሱ (ደሙን በማሽን ማጣራቱ) በቂ መሆኑ፣ የደም ማነሱ፣ በዲያሊሲስ ጊዜ የሚሰጠው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይታይ። ፎስፌት የሚይዘው መድኃኒት ደግሞ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ በባዶ ሆድ የሚይዘው ነገር የለም።

ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ ሰውየው ግን ደህና ነው

ናሙናው ሲቀዳ ወይም ሲቆይ ቀይ ሴሎች ከተሰባበሩ ፎስፌት በውሸት ይጨምራል። ድጋሚ ይቀዳ።