የሐሞት ከረጢት ብግነት (መቆጣት) ወደ አደገኛ ደረጃ ሲሸጋገር እንዴት መለየት ይቻላል?

በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚጀምርና ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም፣ በተለይ ከረጅም ጾም በኋላ ቅቤ የበዛበት ምግብ ተበልቶ ከሆነ፣ በአገራችን ብዙ ጊዜ «ጨጓራዬ ተነሣ» ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና ቅባት ወደ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ሐሞቱን ለመልቀቅ ስለሚኮማተር፣ መውጫው በጠጠር ከተዘጋ ሕመሙ የሚቀሰቀሰው በዚሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ልብ ይበሉ። ጠጠሩ ዘግቶ የሚለቅ ከሆነ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ከ6 ሰዓታት በላይ ከዘለቀ ወይም ትኩሳት ከታከለበት ግን ከረጢቱ ራሱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አይቅመሱ፤ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አይጀምሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሕመሙ በድንገት ቀለል ሲል የሚሰማው እፎይታ ነው። ያበጠው ከረጢት ደም ሲያጣ ግድግዳው ሊሞትና ሊበሳ ይችላል፤ በተበሳም ጊዜ ውጥረቱ ስለሚላላ ሕመሙ ለአጭር ጊዜ ጋብ ሊል፣ ከዚያም ሐሞትና መግል ወደ ሆድ ዕቃ ተሰራጭቶ መላው ሆድ እንደ ጣውላ ሊጠጥር ይችላል። ይህ ለሰዓታት እንኳ ሊዘገይበት የማይገባ ድንገተኛ ሁኔታ ነው። በስኳር ሕመምተኞችና በአረጋውያን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከፍቶ ሳለ ሕመሙም ትኩሳቱም ቀላል ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የታመሙት እናትዎ ወይም አባትዎ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላልና «አላመመኝም» ቢሉም አይዘናጉ።

ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር ጠጠሩ ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከተጨመረበት ቱቦው በኢንፌክሽን መመረዙን ያመለክታል። ይህንን የወፍ በሽታ ነው ብሎ በባህል መድኃኒት መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከእንብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ጽኑ ሕመምና የማያቋርጥ ትውከት ደግሞ የቆሽት መቆጣት ምልክት ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎም ትልቅ ጠጠር ወደ አንጀት ገብቶ ስለሚዘጋው ሆድ ይነፋል፣ ፈስም ሰገራም ይቆማል።

ሆስፒታል ሲደርሱ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ይደረግልዎታል። ብግነቱ ከተረጋገጠ ከረጢቱን የማውጣት ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደረግ ስለሚመረጥ፣ «ከመውጣቴ በፊት ሊሠራልኝ ይችላል ወይ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ለቀዶ ሕክምና አቅም ላነሰው ሕመምተኛ በቆዳ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ መግሉን ማፍሰስ ይቻላል። ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት በመሆኑ ያለ ከረጢቱ መኖር አያስፈራም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነት ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከታየ፣ ሐሞት ወደ ሆድ እየፈሰሰ ወይም ጠጠር በቱቦው ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ይመለሱ።