ስንቱ አለፈ ሳይሆን ከስንቱ? የሰፈር ትምህርት ቤት ውጤት እንዴት ይነበባል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ልጄ በሚማርበት፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የመስከረሙ የወላጆች ስብሰባ ላይ «ካስፈተንናቸው የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች 91 በመቶው አልፈዋል» ተባለ። እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨብኩ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን ሳያነሡ «የኔዋ መቼ ተፈተነች» አሉ በዝግታ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። «ካስፈተንናቸው» የምትለዋን ቃል ግን ከእሳቸው በቀር ያዳመጣት ሰው አልነበረም። በኋላ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ሳገለግል የትምህርት ቤት ውጤት የማነብበትን መንገድ ተማርኩ፤ እነሆ።

መጀመሪያ ጊዜውንና ሰውዬውን ምረጡ። በሰኔ አትሂዱ፤ የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ በካርድና በመሸኛ ወረቀት ተውጦ ነው የምታገኙት። ምዝገባው በረጋበት በጥቅምት፣ ወይም የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ከተሰጠ በኋላ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የተማሪዎቹን ቁጥር በክፍል፣ በጾታና በዕድሜ ለይቶ ወደ በላይ አካል ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ነገር አዲስ ሥራ አይፈጥርበትም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቢሆንም አዋጅ ከመጥቀስ ቡና መጋበዝ በሩን ቶሎ ይከፍታል። ይዛችሁ የምትወጡት ድምር ብቻ ይሁን። የልጆች ስምና ማርክ የሰፈረበትን ሮስተር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በወላጆች ቴሌግራም ላይ መልቀቅ የሰው ልጅ ገመና ማውጣት ነው።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ከተፈታኙ በፊት ተመዝጋቢውን ቁጠሩ። ለምሳሌ ያህል በመስከረም 120 ልጆች በ6ኛ ክፍል ተመዘገቡ እንበል። ለከተማ አቀፉ ፈተና የተቀመጡት 104 ናቸው፤ ከእነሱ 78ቱ 50 እና ከዚያ በላይ አመጡ። ስብሰባ ላይ የምትሰሙት «75 በመቶ» የሚለውን ነው። ለ120 ካካፈላችሁት 65 በመቶ ይሆናል። የቱ ነው ልክ? ሁለቱም አይደሉም፤ መልሱ የጎደሉት 16 ልጆች የት እንደገቡ በማወቅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። 9ኙ መሸኛ ወስደው ሌላ ትምህርት ቤት ገብተው ከሆነ ከሂሳቡ ይውጡ፤ ውጤታቸው የሚቆጠረው እዚያ ነውና። 5ቱ ከጥር በኋላ ድንገት ቀርተው፣ 2ቱ ደግሞ በፈተናው ቀን ሳይመጡ ከሆነ ግን አሁንም የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። 120 ሲቀነስ 9፣ 111 ይቀራል፤ 78 ለ111 ሲካፈል 70 በመቶ ገደማ ነው። እኔ የማምነው ይህንን ቁጥር ነው።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ይህች ትንሽ ሂሳብ ከሌላው ቦታ ይልቅ ታስፈልጋለች። ልደታና ሠንጋ ተራ ከፈረሱ ቆዩ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካሳንቺስ ተራ ደረሰ። ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ ልጆቻቸውም አብረው። አንዳንዱ ልጅ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ከሩቅ በአውቶቡስ እየተመላለሰ የቀድሞውን ትምህርት ቤቱን አልለቅም አለ። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሳሳ «ወላጅ ጠላው» ብላችሁ አትፍረዱ። ስንት መሸኛ እንደተጻፈ ጠይቁ፤ ቅጂው በፋይል አለ። መሸኛ ሳይወስድ የጠፋውን ልጅ የክፍል ኃላፊው መምህር ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜም የት እንዳለ ጭምር።

ከዚያ ውጤቱን በልጆቹ ማንነት ከፋፍሉት። በምሳሌያችን ከተፈተኑት 56ቱ ሴቶች፣ 48ቱ ወንዶች ቢሆኑና 45 ሴቶች፣ 33 ወንዶች ቢያልፉ፣ አንዱ «75 በመቶ» ተሰንጥቆ 80 እና 69 ይሆናል። ስብሰባው ስለ ወንዶቹ መነጋገር አለበት ማለት ነው። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ 6ኛ ክፍል ሲደርስ 12 ዓመቱ ነው። 15 ዓመት የሞላው ካለ ወይ ደግሟል፣ ወይ ዘግይቶ ገብቷል፣ ወይም ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት እየሠራ የሚማር ነው። የመጨረሻው ዓይነት ልጅ በፋይሉ ላይ «አሳዳጊ» በሚለው መስመር ይታወቃል፤ የቤት ሥራ የሚሠራበት ሰዓት እንደሌለው ግን የትኛውም ቅጽ አይናገርም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ደጋሚዎቹ 4 ብቻ ከሆኑ በመቶኛ አታስሉ። አንድ ልጅ 25 በመቶ ሲሆን ቁጥሩ መቀለጃ ይሆናል።

ማነጻጸሩ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። ከግል ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር ተማሪን ሳይሆን የወላጅን ኪስ ማወዳደር ነው፤ ትንሽ አቅም ያገኘ ወላጅ ልጁን ወደ ግል ሲወስድ የዘበኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ልጅ ነው እዚህ የሚቀረው። ከራሱ ጋር አወዳድሩት፤ የዘንድሮዎቹን 6ኛ ክፍሎች አምና 5ኛ ክፍል ሳሉ ካመጡት ጋር። የክፍል ማርክ ከከተማ አቀፉ ፈተና በጣም ከበለጠ መምህሩ እጁ ለስላሳ ነው፤ ሳይከሱ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። የድሮውን የ8ኛ ክፍል ውጤት ግን ከዚህ አትቀላቅሉ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል።

በኢንስፔክሽን፣ ማለትም በትምህርት ቤቶች ፍተሻ፣ የሚሰጠው ከ1 እስከ 4 ያለው ደረጃ ሕንፃውንና አሠራሩንም ስለሚመዝን ከልጆቹ ውጤት ጋር አንድ አይደለም፤ እሱን በዓይን አይቶ ማለፍ ይበቃል። ይልቅ የስም መጥሪያውን መዝገብ ተመልከቱ። የትምህርት ቤት ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ባዶ ሆዱን ስለሆነ የሚቀር ልጅ ቀንሷል፤ አሁንም ሰኞ ሰኞ ወይም በገበያ ቀን ብቻ የሚጎድል ስም ካያችሁ እናቱን ጉሊት ላይ የሚያግዝ መሆኑን ገምቱ።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብላችሁ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ፤ ሰው ፊት ማስደንገጥ አያስፈልግም። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። በቀጣዩ መስከረም ርዕሰ መምህሩ ሁለት ቁጥሮች ይዘው ቆሙ፤ የተፈተኑትንና የተመዘገቡትን። ጭብጨባው ሳሳ፤ ሦስት ሰዓት ላይ የተጀመረው ስብሰባ ግን ሰባት ሰዓትም አልተበተነም።