ጠዋት ቀዝቅዞ የሚጠብቅ ቺለር፦ ራሱ አልነሳ ሲል

ናሙናው ደርሷል። ሮታቫፑ (ፈሳሽ እያተነነ የሚለየው መሣሪያ) ታጥቦ ተገጥሟል። ቫኩም ፓምፑም ይሠራል። ሮታቫፑን የሚያቀዘቅዘው ቺለር ግን ገና 21 ዲግሪ ላይ ነው። ሻይ ተጠጥቶ፣ ወሬ ተወርቶ አንድ ሰዓት ያልፋል። እያንዳንዱ ላብራቶሪ አንድ ቀን "ለምን ታይመር አናደርግለትም?" ማለቱ አይቀርም።

እኛም አልን። ታይመር ገዝተን ሶኬቱ ላይ ሰካን። በማግስቱ ስንገባ የቺለሩ ስክሪን ቦግ ብሎ በርቷል፤ ውሃው ግን እንደ ትናንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የገጠመንን ሁሉ ከምልክቱ ጀምሬ ላስቀምጠው። የማወራው ጠረጴዛ ላይ ወይም ጠረጴዛ ሥር ስለሚቀመጡት፣ ውሃ ወይም ግላይኮል (በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመር ፈሳሽ) እያዞሩ ሌላ ማሽን ስለሚያቀዘቅዙት ትንንሽ ቺለሮች ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የሕንፃ ቺለር ሌላ ጉዳይ ነው።

ስክሪኑ በርቷል፣ ቺለሩ ግን አልተነሳም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ለዲጂታል ቺለር መብራት ማግኘት ሌላ፣ መነሳት ሌላ ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች ማብሪያው አንዴ ከተጫነ መብራት በመጣ ቁጥር ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕም፣ የሚያቀዘቅዘው ሞተር ኮምፕሬሰሩም ይነሱ ነበር። በአሁኖቹ ግን ብዙዎቹ መብራት ሲያገኙ ስታንድባይ ላይ ይቆማሉ። ሰው መጥቶ "ጀምር" እስኪላቸው ይጠብቃሉ።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። መብራት ሌሊት ሄዶ ሌሊት ቢመጣ፣ ቱቦ ወልቆ ከሆነ፣ ፓምፑ ውሃውን ሁሉ ወለል ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ምርጫውን ለእናንተ ትቶታል።

መፍትሄው ከሜኑ ይጀምራል። አንዳንድ ማሽኖች የራሳቸው ሰዓትና ፕሮግራም አላቸው። ያ ካለ ታይመር መግዛትም አያስፈልግም። ከሌለ ቀጥሎ የምትፈልጉት "ኦቶስታርት" ወይም "ኦቶ ሪስታርት" የሚል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ነው፤ ጁላቦ በሚባሉት ማሽኖች ላይ ኦቶስታርት ይባላል። እሱን ካበራችሁ በኋላ ሞክሩት። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ፓምፑ ካልተነሳ ታይመሩ ላይ አትድከሙ።

እዚህ ጋ እኛን ሁለት ሳምንት ያንከራተተን ወጥመድ አለ። አንዳንድ ቺለር መብራት ሲመለስለት ወደ መጨረሻው ሁኔታው ነው የሚመለሰው። ሲሠራ ከተቋረጠበት ይነሳል። ቆሞ ከነበረ ቆሞ ይቀጥላል። የእኛ ማሽን ማክሰኞ ይነሳል፣ ረቡዕ አይነሳም፣ ሐሙስ ይነሳል። ኋላ ላይ ስናጣራ ነገሩ የሚወሰነው ማታ በመጨረሻ በወጣው ሰው ነው። ጥንቁቁ ባልደረባችን ሲወጣ "ስቶፕ" ይጫናል። ግድ የሌለው (እኔ ማለት ነው) ለታይመሩ ትቶት ይሄዳል። ጥንቃቄ ባለበት ቀን ቺለሩ አይነሳም!

ማሽኑ ይህን ዓይነት ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማታ ስቶፕ አለመጫንና ለታይመሩ መተው ነው፤ ይህን መቼም ሁሉም ሰው አያስታውስም። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ መብራቱን ጭራሽ አለመንካት ነው። ብዙ ቺለሮች ከኋላቸው የውጭ መቆጣጠሪያ ማያያዣ አላቸው። ሁለት ሽቦ ሲገናኝ ይነሳል፣ ሲለያይ ይቆማል። ታይመሩ የሚያገናኘው እነዚያን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነው። ማሽኑ ሁልጊዜ መብራት ስላለው የራሱ መከላከያዎች ሁሉ በሥራቸው ላይ ይቆያሉ። አደራ ግን፣ እዚያ ማያያዣ ላይ 220 ቮልት አይገባም። ታይመሩ ኮረንት የሌለበት ባዶ ማገናኛ ያለው መሆን አለበት። የተለመደው የሶኬት ታይመር ይህን አይችልም። ማኑዋሉን ይዛችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ተነስቷል፣ ግን ባልታሰበ ሰዓት

ይሄኛው የእኛው የአገር ልጅ ችግር ነው። ሥራ የምንገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቺለሩ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲነሳ ተፈለገ። አንዱ ታይመሩ ላይ 01:00 ብሎ ሞላው። ቺለሩ በትጋት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነሳ። ጥበቃው ጠዋት "ሌሊት የሆነ ነገር ሲጮህ ነበር" አለን።

የጠዋት 1 ሰዓት በማሽኑ 07:00 ነው። የማታ 12 ሰዓት 18:00 ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ታይመሩ አጠገብ ለጥፉ፤ ሁሉም ሰው አውቃለሁ ብሎ የሚሳሳትበት ነገር ነው። በ12 ሰዓት የሚቆጥር ታይመር ከሆነ ደግሞ ጠዋቱንና ማታውን የሚለየውን ምልክት አይታችሁ ሙሉ።

ልክ 3 ሰዓት ዘግይቶ ከተነሳስ? ያኔ የተሳሳተው ማሽኑ ሳይሆን ቀጠናው ነው። ስማርት ሶኬቱ ወይም ኮምፒውተሩ በግሪንዊች ሰዓት ላይ ነው ያለው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። መተግበሪያው ላይ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉት፤ ሁለቱም አንድ ናቸው።

በየቀኑ የተለያየ ሰዓት ከዘገየ ደግሞ መብራት ነው። እየዞረ የሚቆጥረው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ታይመር መብራት ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል። ሌሊት ለ2 ሰዓት ያህል ከጠፋ፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ዘግይቶ ያስነሳል፤ አንድ ሰው እስኪያስተካክለውም እንደዘገየ ይቀጥላል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ግዙ።

ተነስቶ ጥቂት ሰከንድ ይሠራል፣ ከዚያ በአላርም ይቆማል

አላርሙ የውሃ ማነስ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱት ግን ጋኑ ሙሉ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ቴክኒሺያን ከመጥራታችሁ በፊት ቱቦዎቹ የት እንደሚሄዱ እዩ።

ቺለሩ መሬት ላይ፣ ሮታቫፑ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ በቱቦው ወደ ጋኑ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጋኑ ሌሊት ሙሉ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ያንን ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍታው ከሴንሰሩ በታች ይወርዳል፣ ማሽኑም ይቆማል። በእጅ ስናስነሳው ይህ አይታወቅም። አጠገቡ ቆመን ጠብ ጠብ እያደረግን እንሞላዋለና።

መሙላት ያለባችሁ ፓምፑ እየሠራ፣ ቱቦዎቹ ሞልተው ሳለ ነው። ከዚያ አቁማችሁ ጋኑ ሞልቶ እንዳይፈስ እዩ። ሁለቱም ካልተስማሙ፣ ማለትም ሲሠራ አንሶ ሲቆም ከፈሰሰ፣ መውጫው ቱቦ ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይገጠም። መመለሻው ቱቦ አየር እየሳበ የሚወርድ ከሆነ እሱም ይታይ። ወይም ቺለሩን ከፍ አድርጉት።

የምትጨምሩት ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይሁን። የተጣራ ውሃ ወይም ማኑዋሉ ያዘዘው ይሁን።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል

ኮምፕሬሰር ሲቆም በአንድ ወገኑ ከፍተኛ፣ በሌላው ዝቅተኛ ግፊት ይቀራል። እስኪመጣጠን ደቂቃዎች ይፈልጋል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ወዲያው ልነሳ ካለ ግፊቱ ይከብደዋል። ሞተሩ ሳይዞር ብዙ ኮረንት ይስባል፤ ያጉረመርማል፤ መከላከያው ይቆርጠዋል። ወይም ሳልቫቪታው ይወርዳል፤ ጠዋት ስትገቡ የክፍሉ መብራት ሁሉ ጠፍቷል።

ደህና ዲጂታል ቺለር በውስጡ የማዘግያ ሰዓት አለው። ፓምፑ ተነስቶ ኮምፕሬሰሩ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ካለ አትደንግጡ፣ እየጠበቀ ነው። ይህ የሌለው ማሽን ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ሪሌይ (በራሱ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ) ይጨመርበት። ለፍሪጅ የሚሸጡት ማዘግያዎች ሥራቸው ይኸው ነው፤ የሚችሉትን አምፔር ግን እዩ።

ከጠበቀም በኋላ ካጉረመረመ ቮልቴጅ ለኩ። መለካት ያለባችሁ ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲል ነው፤ ቆሞማ ሁሉም ሶኬት ደህና ይመስላል። ሲነሳ በጣም ከወረደ መጀመሪያ ዲቫይደሩን አውጡ። ቺለር በቀጥታ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው። አሁንም ካልሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ሲገዛ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዋት እጅግ ከፍ ያለ ይሁን፤ ኮምፕሬሰር ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ግን አትሰኩት።

ታይመሩ "ጠፍቷል" እያለ ቺለሩ የማይጠፋ ከሆነም ጥፋተኛው ይኸው የመነሻ ኮረንት ነው። በታይመሩ ውስጥ ያለው ማገናኛ ከኮረንቱ ብልጭታ የተነሳ ተጣብቆ ቀርቷል። ያ ታይመር ይጣል። በምትኩ ታይመሩ ኮንታክተር (ብዙ ኮረንት የሚችል ማብሪያ) ያዝዝ፣ ኮንታክተሩ ደግሞ ቺለሩን።

ከስልክ አይታዘዝም

ስማርት ሶኬት ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። ብዙዎቹ የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በገጽ ላይ የሚጠይቅ የመሥሪያ ቤት ዋይፋይም አይሆንላቸውም፤ ሶኬት ፎርም አይሞላም። ሦስተኛው መተግበሪያው ውስጥ "መብራት ሲመለስ" የሚለው ምርጫ ነው፦ ይብራ፣ ይጥፋ፣ ወይስ ወደነበረበት ይመለስ? ከዚያ በኋላም የመጀመሪያው ችግር አለ። ስማርት ሶኬት መብራት ነው የሚሰጠው፤ "ጀምር" አይልም። ስልካችሁ "በርቷል" ቢላችሁም ቺለሩ ስታንድባይ ላይ ሊሆን ይችላል።

በኮምፒውተር ገመድ የሚታዘዝ ከሆነ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። ምንም መልስ ካልሰጠ ገመዱን ጠርጥሩ። የአርኤስ 232 ገመድ ቀጥተኛና ተሻጋሪ አለው፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ቀጥሎ የመልእክቱን ፍጥነትና ፓሪቲውን (ስህተት መፈተሻውን) ከማኑዋሉ ጋር አመሳክሩ፤ ሁሉም ማሽን 9600 አይደለም። የሙቀት መጠኑን ስትጠይቁት እየመለሰ "ጀምር" ስትሉት ግን እምቢ ካለ ግን ገመዱ ደህና ነው። ማሽኑ ሜኑ ላይ በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ሪሞት አዙሩት።

ቀን ሠርቶ ሌሊት ከከሸፈ ኮምፒውተሩ ተኝቷል። ዊንዶውስ እንዳይተኛ አድርጉት። ታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራም በሰዓቱ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ክፍል) ላይ ማንም ባይገባም እንዲሠራ ምረጡ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ቅንብር) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እኛ አገር እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የዩኤስቢ መለወጫውንም ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ቦታ ሲቀየር ኮም 3 ይባል የነበረው ቀዳዳ ኮም 5 ሊባል ይችላል፤ ፕሮግራሙ የቀድሞውን ሲጠራ ያድራል።

በሰዓቱ ተነስቷል፣ ግን አልቀዘቀዘም

መጀመሪያ ሴት ፖይንቱን (እንዲደርስበት የታዘዘውን ዲግሪ) እዩ። መብራት ሲጠፋ ወደ 20 ዲግሪ የሚመለስ ማሽን አለ። ያ ደህና ከሆነ ሒሳብ እንሥራ። 10 ሊትር ውሃን ከ22 ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 10 በ4.2 (አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲወርድ የሚያወጣው ኪሎጁል) በ17፣ ማለትም 714 ኪሎጁል ሙቀት መውጣት አለበት። ማሽኑ 300 ዋት ሙቀት ቢያወጣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የማቀዝቀዝ ዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ በ20 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ስጡት። ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ግን ብክነት ነው።

ደግሞስ 5 ዲግሪ ለምን? ለሮታቫፕ የተለመደው ደንብ በየደረጃው የ20 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ የማሞቂያው ውሃ 50 ከሆነ፣ ትነቱ 30፣ ማቀዝቀዣው 10። በ10 ዲግሪ ከሠራችሁ በግማሽ ሰዓት ትደርሳላችሁ። ከ5 በታች በንጹህ ውሃ መውረድ ደግሞ በረዶ ይጋብዛል፤ ያኔ ግላይኮል ያስፈልጋል።

ጠዋት ደህና ሆኖ ቀን 8 ሰዓት ላይ የሚደክም ከሆነ የቺለሩ ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር የሚያወጣው) አቧራ ጠጥቷል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በብሩሽ ጥረጉት፤ ከግድግዳ አርቁት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የላብራቶሪ መሣሪያዎች የደህንነት መስፈርት ደግሞ በመደበኛነት የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያመጣው አየር ያንሳል፤ እዚህ ላይ አቧራ ሲጨመርበት አቅሙ ቶሎ ያልቃል።

ብቻውን ከመተዋችሁ በፊት

ቱቦዎቹ ሁሉ በክላምፕ (በቱቦ ማሰሪያ) ይታሰሩ። ታይመሩ ላይ የሚሰካው ቺለሩ ብቻ ይሁን። የሮታቫፑ ማሞቂያ አብሮት ከተሰካ፣ ቺለሩ ያልተነሳ ቀን ሶልቬንቱ (የሚተነው ኬሚካል) ሰው በሌለበት ክፍል ይተናል። የእኛ ላይ አሁን በቀይ እስክሪብቶ "ይህ ማሽን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራሱ ይነሳል፤ ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ሌላ እጅ "በማሽኑ 07:00" ብሎ ጨምሮበታል።