የባሕር አረም እርሻን መደገፍ፦ ገመድ ከማደል በፊት

የባሕር አረም እርሻን ለማስፋፋት በጀት ሲያዝ መጀመሪያ የሚገዛው አረሙ ባሕር ውስጥ የሚታሰርበት ገመድና ችካል ነው። ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል። እርሻው የሚወድቀው ግን በገመድ እጦት አይደለም፤ ዘር ሲያረጅ፣ ምርት አሸዋ ላይ ሲሰጣና ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ዛንዚባር ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ ከፊሊፒንስ በመጣ ዘር የንግድ እርሻ የተጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከአምራቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ምርቱ ደርቆ በጥሬው ይላካል፤ ካራጊናን የተባለውን የምግብና የጥርስ ሳሙና ማወፈሪያ አጣርተው የሚያተርፉት ሌሎች ናቸው።

ቦታውን በሙከራ ይምረጡ። ውሃው በጣም በሚሸሽበት ቀን እንኳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅር፤ የወንዝ አፍ ይራቅ፣ ጨው የቀነሰበት ውሃ አረሙን ይገድለዋልና። በሁለት ችካሎች መካከል 10 ሜትር ገመድ ይወጠርና 100 ግራም የሚመዝኑ ቁራጮች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሲባጎ ይታሰሩበት። 50 ቁራጭ፣ 5 ኪሎ ዘር ማለት ነው። ከ6 ሳምንት በኋላ ይመዘን። በቀን 5 በመቶ ካደገ ወደ 39 ኪሎ ይደርሳል፤ 3 በመቶ ብቻ ከሆነ 17 ኪሎ ላይ ይቆማል። ለቀጣዩ ዙር 5 ኪሎ ዘር ይቀነስ፤ 1 ኪሎ ደረቅ ለማግኘትም ከ7 እስከ 10 ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ5 በመቶ ያደገው ገመድ ከ3 ኪሎ በላይ ደረቅ ሲሰጥ፣ በ3 በመቶ ያደገው ከ2 ኪሎ አያልፍም። እንዲህ በዝግታ በሚያድግበት ቦታ ላይ ድጎማ ማፍሰስ ድካም ነው። ሙከራው በቀዝቃዛውም በሞቃቱም ወቅት ይደገም።

ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለዘር ማባዣ ይዋል። አረሙ የሚራባው በመቆረጥ ስለሆነ ያው አንድ ተክል ለዓመታት ይከፋፈላል፣ እየደከመም ይሄዳል። ውሃው ሲሞቅ ቅርንጫፉ ነጥቶና ለስልሶ ይበጠሳል፤ አምራቾች አይስ አይስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። በዛንዚባር የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ የተባለ የአረም ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ መብቀል ሲያቅተው፣ ዋጋው የሚረክሰው ስፒኖሰም የተባለ ዝርያ ቦታውን ወሰደ። ማባዣው ጤነኛ ዘር በየዙሩ እየለየ ማደል አለበት፤ የነጣ ቅርንጫፍ ያለበት ገመድ ለዘር አይውልም። ዘር ከውጭ ሲገባ ደግሞ ያለ ኳራንቲን አይለቀቅ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሃዋይ ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ የገባው የዚሁ ወገን አረም አምልጦ ኮራሉን (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩትን ዐለት) እያለበሰ አስቸግሯል።

ኮቶኒን ለማዳን ወደ ጥልቅ ውሃ መውጣት ይቻላል፤ እዚህ ላይ የመንግሥት ገንዘብ ቦታ አለው። ጀልባ፣ መልሕቅ፣ ተንሳፋፊ፣ ማዕበል ሲመታ ቁራጩን የሚይዝ ቱቦ መሰል መረብ ያስፈልጋል። የዛንዚባር መንግሥት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰማያዊ ኢኮኖሚን፣ ማለትም ከባሕር ሀብት የሚገኘውን ገቢና ሥራ፣ የሚመራ ሚኒስቴር አቋቁሟል፤ ለአምራቾችም ጀልባ አከፋፍሏል። ጀልባ ሲሰጥ ግን የዋና ሥልጠና፣ የሕይወት አድን ጃኬትና የጥገና በጀት አብሮ ይሂድ። ዋና ለማትችል ሴት ጀልባው ንብረት አይደለም፣ ስጋት ነው።

ማድረቂያው ቀላል ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ፣ በላዩ መረብ፣ ለዝናብ መሸፈኛ ሸራ። በጥሩ ፀሐይ 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። እርጥበቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በከረጢት ውስጥ ይሞቃል፣ ይበሰብሳል። በማድረቅ ላይ ዝናብ ከመታው ጥራቱ ይወድቃል።

የመጨረሻው ሥራ ግብይት ነው። ገዢው አሸዋ ያለበትንም ንጹሑንም በአንድ ዋጋ ከወሰደ ቆጥ የሚሠራ አይኖርም፤ ቀይና አረንጓዴ የቡና ፍሬ በእኩል ዋጋ እንደመግዛት ነው። በመሰብሰቢያው ጣቢያ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ ይኑር፣ ዋጋውም በደረጃ ተጽፎ ይለጠፍ። ገዢው ገመድ በብድር የሚሰጥ ከሆነ ብድሩና የምርት ዋጋው በተለያየ ወረቀት ይጻፉ፤ ካልሆነ አምራቿ ከሌላ ገዢ ጋር መነጋገር አትችልም።