ፌሮሲን 20 ኤሌክትሮን ሲመጣባችሁ፦ በኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆችን ደብተር ሳይ፣ ስህተቶቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያዩም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ሜታሉ ከማን ጋር እንደተያያዘ ሳያዩ ወደ ሂሳቡ መሮጣቸው ነው።

ከስሙ እንጀምር። ትራንዚሽን ሜታል (እንደ ብረት፣ ኮባልት፣ ኒኬል ያለ) በሌሎች አተሞች ወይም ሞለኪውሎች የተከበበበት ኮምፕሌክስ ሁሉ ኦርጋኖሜታሊክ አይባልም። ሜታሉ በቀጥታ ካርቦን መያዝ አለበት። የካንሰር መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይመደባል፤ ፕላቲነሙ ግን የያዘው ናይትሮጅንና ክሎሪን ነው። ሄሞግሎቢንም እንደዚያው፣ ብረቱ የተከበበው በናይትሮጅን ነው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ይገባል። ሰውነታችን ውስጥ ሲሠራ ኮባልቱ በቀጥታ ከካርቦን ጋር ተያይዞ ነው።

ብዙ ማርክ የሚበላው ቆጠራው ነው። የ18 ኤሌክትሮን ደንብ የሜታሉ የውጭ ኤሌክትሮኖችና በዙሪያው የተያያዙት የሚሰጡት ሲደመሩ 18 ሲሞሉ ውህዱ ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ይሆናል ይላል። ለዚህ ሁለት የአቆጣጠር መንገድ አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መደባለቅ ግን አይቻልም። ፌሮሲንን እንይ። አንድ ብረት በሁለት ባለአምስት ካርቦን ቀለበቶች መሃል ተቀምጧል። በአዮናዊው መንገድ ብረቱ ፕላስ ሁለት ስለሆነ 6 ኤሌክትሮን ይቀረዋል። እያንዳንዱ ቀለበት ማይነስ አንድ ስለሆነ 6፣ 6 ይሰጣሉ። ድምሩ 18። በገለልተኛው መንገድ ብረቱ 8 ይዞ ይመጣል፣ ቀለበቶቹ 5፣ 5 ያዋጣሉ። አሁንም 18። ስህተቱ የሚመጣው ብረቱን 8፣ ቀለበቶቹን 6፣ 6 ብላችሁ ስትደምሩ ነው። 20! ብረቱ ለቀለበቶቹ የሰጣቸው 2 ኤሌክትሮኖች ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ። ያንኑ ብር በአበዳሪውም በተበዳሪውም ኪስ እንደ መቁጠር ነው። የመረጣችሁትን መንገድ ከላይ ጻፉና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

ሌሎች ደግሞ ቆጠራውን በደንብ ይችሉና 18ን ሕገ መንግሥት ያደርጉታል። ሮዲየም ያለበት የዊልኪንሰን ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ውህድ) 16 ነው። ቫናዲየም ሄክሳካርቦኒል 17 ነው። ሁለቱም አሉ። እንዲያውም ካታሊስት እንዲሠራ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ 18 የሞላው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አንድ ሊጋንድ (ከሜታሉ ጋር ከተያያዙት አንዱን) መልቀቅ አለበት። በነገራችን ላይ ዊልኪንሰን በ1973 ከፊሸር ጋር ኖቤል የተሸለመው በዚህ ካታሊስት ሳይሆን እንደ ፌሮሲን ባሉ የሳንድዊች ውህዶች ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ሰጪ ብቻ አድርጎ ማየትም አለ። ይሰጣል፣ ይቀበላልም። ሜታሉ ኤሌክትሮን መልሶ ሲሰጠው የካርቦንና የኦክስጅኑ ቦንድ ይላላል። ይህ በኢንፍራሬድ በግልጽ ይታያል። ቦንዱ ሲላላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ለብቻው ያለው ጋዝ 2143 cm⁻¹ ላይ ነው። ኒኬል ቴትራካርቦኒል ላይ ወደ 2060 ይወርዳል፤ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው የኮባልት ቴትራካርቦኒል ላይ 1890 አካባቢ ይደርሳል። ብዙ ተማሪ ኔጌቲቭ ቻርጅ ሲጨምር ቁጥሩ የሚጨምር ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው።

ይህ ጋዝ ደግሞ ከክፍል ውጭም ያገኘናል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ማታ ላይ ከሰሉን ወደ ቤት አስገብቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። የሄሞግሎቢንን ብረት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ቅድም አይገባም ያልነው ሄሞግሎቢን ያኔ የብረትና የካርቦን ቦንድ ይኖረዋል ማለት ነው። ከሰሉን ውጭ ተዉት፣ ጋቢ ደርቡ።

ላብራቶሪ ውስጥ የመጽሐፉን የመፍያ ሙቀት እንዳለ መጠበቅም ያሳስታል። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ውሃ እንኳ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቲኤችኤፍ የሚባለው ማሟሟያ በመጽሐፉ 66 ዲግሪ ነው፣ እዚህ ከዚያ በታች ይፈላል። ስለዚህ ሪፍለክስ ላይ ያለው (ማሟሟያው እየፈላ፣ ትነቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ የሚሠራው) ሪአክሽን ከተጻፈው ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትለውጡት። ሪአክሽኑ የት እንደደረሰ በየመሃሉ በቲኤልሲ (በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ) እያያችሁ ጠብቁ።

ፌሮሲን አየር ላይ ምንም ስለማይሆን ሁሉም እንደሱ ገር ይመስላል። አይደለም። ኒኬል ቴትራካርቦኒል 43 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ከባድ መርዝ ነው። ግን ጥቅም አለው፦ ኬሚስቱ ሞንድ በ1890 ያገኘው ይህ ውህድ ለብ ባለ ሙቀት ተሠርቶ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይፈርሳል፣ ንጹሕ ኒኬል ይቀራል።

ስለ ጥቅም ስትጠየቁ «ለካታሊስት» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ምሳሌው ገበያ ላይ አለ። ገብስና ስንዴ የሚጫንበት ማዳበሪያ ፖሊፕሮፒሊን ነው። እሱን ለመሥራት በሰፊው የሚያገለግለው ቲታኒየም ያለበት የዚግለርና ናታ ካታሊስት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በ1963 ኖቤል ወስደዋል። ፕሮፒሊኑ ቲታኒየሙ ላይ ያርፍና በቲታኒየሙና በካርቦኑ ቦንድ መሃል ይገባል፤ ቀጣዩም እንዲሁ፣ ሰንሰለቱ እየረዘመ ይሄዳል። መልሳችሁ ላይ ሜታሉን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ጻፉ። ይህቺን ሦስት መስመር የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው።