ከበረዶው ይልቅ መንገዱ ይጥላል፦ በወረርሽኝ ጊዜ ስኪ ለሚሄዱ፣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃንዋሪ 2022፣ የኮሮና ወረርሽኝ ገና ሳያበቃ፣ ከጀርመኗ ሙኒክ ተነስተን ወደ ኦስትሪያ፣ ቲሮል ክልል፣ ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሄድን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያወራነው ስለ ጓንትና ስለ ጃኬት ነበር። ማን ቀድሞ ይወድቃል ብለን እራት ተወራረድን። ወደቅን፣ ተነሳን፣ ሳቅን። በረዶው ምንም አላደረገንም። ያስቸገረን ሌላው ሁሉ ነው፦ ወረቀቱ፣ የዕቃ ኪራዩ፣ ከሁሉም በላይ መመለሻው። የዚያን ጊዜ ሕጎች ዛሬ የሉም። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ግን የምንሳሳተው እዚያው ላይ ይመስለኛል።

ስህተት 1፦ መሄጃውን ብቻ ማቀድ

የኦስትሪያን መግቢያ ሕግ ሁላችንም ሸምድደን ነበር። የጀርመንን መመለሻ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዓርብ ማታ እራት እየበላን ሳለ ስልኮቻችን መጮህ ጀመሩ። ጀርመን ኦስትሪያን ከእሑድ ጃንዋሪ 16 ጀምሮ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ መድባታለች። ለተከተብነው ቀላል ነው፤ ኦንላይን ተመዝግቦ ማለፍ ነው። አብረውን የነበሩት ባልና ሚስት ግን የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው። በዚያ ዕድሜ የሚሰጥ ክትባት አልነበረም። እሑድ ወይም ከዚያ በኋላ ከገቡ ልጅቱ አምስት ቀን ወሸባ ልትገባ ነው። መዋለ ሕፃናት የለም ማለት ነው። እናትየው ደግሞ የዓመት ፈቃዷን አሟጣለች።

ቅዳሜ ማታ እርጥቡን ካልሲ በፌስታል ጠቅልለው፣ ልጅቱን እንደተኛች ከነብርድ ልብሷ አቅፈው፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ድንበር ለመሻገር ወጡ። የከፈሉበት የመጨረሻ ቀን ቀለጠ።

የእነሱ እንኳ ቀላል ነው። ዲሴምበር 2020 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቨርቢዬ በምትባል የስኪ መንደር የነበሩ እንግሊዛውያን፣ አዲሱ የቫይረስ ዝርያ አገራቸው ውስጥ በመታየቱ፣ ከገቡ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የ10 ቀን ወሸባ ተፈረደባቸው። ከ400 በላይ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ በሌሊት ሹልክ ብለው ጠፉ። ሕጉን ያከበሩት ሆቴል ክፍል ውስጥ ቀሩ።

ስለዚህ ሲያቅዱ «ብንታገድስ?» ብለው ይጀምሩ። በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይያዙ። ቤቱን እስከ መጨረሻው ቀን ሊሰረዝ በሚችል ውል ይከራዩ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ይክፈሉት። አለቃዎ ከመሄድዎ በፊት ይወቅ። የሚሄዱበትን ብቻ ሳይሆን የሚመለሱበትን አገር ዝርዝር ደግሞ በየሁለት ቀኑ ይመልከቱ።

ስህተት 2፦ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ መተኛት

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ብዙ ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሸንገን ቪዛ ያመለከተ ሁሉ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት እንዳለበት ያውቃል። ችግሩ፣ ቪዛ ለማግኘት የሚበቃው ወረቀት ለስኪ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። ውሉ መጨረሻ ላይ በጥቃቅን ፊደል «የክረምት ስፖርትን አይጨምርም» የሚል አይጠፋበትም። በአውሮፓ ኗሪ ከሆኑ ደግሞ ያቺ የአውሮፓ የጤና ካርድ በመንግሥት ሆስፒታል ታሳክምዎታለች እንጂ ከተራራ አታወርድዎትም። ኦስትሪያ ውስጥ በስኪ ተጎድቶ በሄሊኮፕተር የወረደ ሰው ሂሳቡ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው።

ስልክ ደውለው አራት ነገር ይጠይቁ። ስኪን ይሸፍናል? ከተጠረገው መስመር ውጭ ብወጣስ? ሄሊኮፕተርን ይጨምራል? በቫይረሱ ተይዤ ብታገድ የሆቴሉን ማን ይከፍላል? በተለይ አራተኛውን በጽሑፍ ይቀበሉ። መንግሥት «አትሂዱ» ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ የሄደን ሰው የማይሸፍኑ ውሎች ብዙ ናቸው። ጣሊያን ከሆነ የሚሄዱት፣ ከ2022 ጀምሮ ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚሆን መድን ሳይኖርዎት መንሸራተት አይፈቀድም።

ስህተት 3፦ ስም፣ ቀንና ሰዓት

ይሄ የእኛ ጣጣ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም አለ፤ የክትባት ካርዱ ላይ ሁለት። አንዱ «ፀጋዬ»ን በአንድ ኢ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት። እኛ «ያው ነው» እንላለን። ድንበር ላይ ማሽኑ ያው አይልም። አገር ቤት የተከተበ ዘመድ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይዩ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ ክትባቱ ገና ሳይፈጠር የተከተቡ መስለው ሊታዩ ነው።

የክትባቱ ስምም ጣጣ ነበረው። ማርች 2021 ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው ክትባት ሕንድ ውስጥ የተመረተ አስትራዜኔካ ነው፤ እዚያ የተመረተው ኮቪሺልድ ይባላል። በ2021 አጋማሽ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ይህን ስም ሲቀበሉ ሌሎቹ አልተቀበሉም። መድኃኒቱ አንድ፣ ስሙ ሁለት። የተከተቡት ክትባት የሚሄዱበት አገር ዝርዝር ውስጥ በዚያው ስሙ መኖሩን ያረጋግጡ።

ስለ ምርመራም አንድ ነገር። 72 ሰዓት ሲባል የሚቆጠረው ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት ነው፣ ውጤቱ ኢሜይልዎ ውስጥ ከገባበት አይደለም። ከእኛ አንዱ «3 ሰዓት» ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ኋላ ላይ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ጠፋበት። ስድስት ሰዓት ሲፈልግ ዋለ።

ስህተት 4፦ ተራራው ላይ ተጠንቅቆ መጠጥ ቤቱ ውስጥ መዘናጋት

ስኪ ራሱ ንጹህ አየር ላይ ነው፤ ሰውም ተራርቆ ነው የሚንሸራተተው። ቫይረሱ የሚጠብቅዎት ሲጨርሱ ነው፤ ፈረንጆቹ አፕሬ ስኪ በሚሉት የማምሻ ጭፈራ ላይ።

ኢሽግልን ያስታውሳሉ? ቲሮል ውስጥ ያለች ትንሽ የስኪ መንደር ናት። ማርች 5 ቀን 2020 አይስላንድ ከኢሽግል የተመለሱ ዜጎቿ ታመው ስላገኘቻቸው መንደሯን አደገኛ ቦታ አለቻት። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ቫይረሱ ተገኘበት። ጭፈራው ግን ወዲያው አልቆመም። ማርች 13 ሸለቆው በሙሉ እንደሚዘጋ በቴሌቪዥን ሲነገር እንግዳው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ። በብርዱ ወቅት ከሸለቆው የሚያስወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሰዉ ከነቫይረሱ በየአገሩ ተበተነ። በኋላ የኢንስብሩክ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመንደሩን ነዋሪዎች ደም ሲመረምሩ 42.4 በመቶው የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘበት።

እና ቢራዎን ይጠጡ፤ በረንዳ ላይ ግን። ይበርዳል፣ አውቃለሁ። ብርድ ልብስ ይሰጣሉ።

ስህተት 5፦ ለዕቃ አከራዩ መዋሸት

በወረርሽኙ ጊዜ ሱቁ እንዳይጨናነቅ ክብደትና ቁመትዎን ከቤት ሆነው ኦንላይን ሙሉ ይባል ነበር። አንዱ ጓደኛችን ሶፋ ላይ ተንጋሎ 90 ኪሎውን 75 ብሎ ሞላ። ችሎታ የሚለው ላይ ደግሞ «ጎበዝ» አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ስለሆነ ሁላችንም በደማችን ያለ መስሎታል።

ይህ ቁጥር ለወግ አይደለም የሚጠየቀው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ሲወድቁ እንዲለቅ ተደርጎ የሚጠብቀው በእሱ ልክ ነው። ክብደትዎን ቀንሰው ከሞሉ ማሰሪያው ይላላል፤ በትንሽ መታጠፍ ስኪው ከእግርዎ ይወልቃል። ችሎታዎን አጋነው ከሞሉ ይጠብቃል፤ ሲወድቁ አይለቅም፣ የሚጠመዘዘው ጉልበትዎ ነው። የጓደኛዬ ሁለት ውሸቶች እርስ በርስ ተጣፍተው ይሆናል የተረፈው።

ሆስፒታሎች በወረርሽኙ ታማሚ በተሞሉበት ጊዜ በጉልበት ጉዳት አልጋ መያዝ ደግሞ ለራስም ለሌላውም አይሆንም።

ስህተት 6፦ አንድ ማስክ ይዞ መሄድ

በብርድ ትንፋሽ ማስኩን ያርሰዋል። የረጠበ ማስክ አያስተነፍስም፣ በደንብ አያጣራም። በቀን ሦስት ይያዙ፣ በደረቅ ፌስታል። የአንገት ሻርፕ ማስክ አይደለም፤ ኦስትሪያ ጎንዶላ (ሰው ተራራ ላይ የሚያወጣው የገመድ መኪና) ላይ የሚያስገቡት ኤፍኤፍፒ2 የሚባለውን በደንብ የሚያጣራ ማስክ ያደረገን ብቻ ነበር።

ስህተት 7፦ «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ»

እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ኢሽግል ላይ የገመድ ማንሻው የሚያደርስዎት እስከ 2,872 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ይሄማ ምን አላት» ይላል። ሳንባው ግን ሙኒክ ከገባ ቆይቷል። ለዚያውም ሁለት ዓመት ከሶፋ ወደ ፍሪጅ ብቻ የተመላለሰ ነው። ከመሄድዎ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ደረጃ መውጣት ይጀምሩ፤ በቫይረሱ ተይዘው ከነበረ ሐኪም ሳያማክሩ አይነሱ። የመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ ያቁሙ። እኔ አላቆምኩም፤ ማታ የኪራይ ቤታችንን 14 ደረጃዎች የወጣሁት በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ነው።