የመኪና ጣሪያ ጨርቅ ሲወርድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜ የጠገበ መኪና ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው፣ የጣሪያው ጨርቅ ፀጉሩን እየነካው ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ሹፌሩም በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ የሚታየው የተንጠለጠለው ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ያኔ መርፌ ቁልፍ፣ ስፒል፣ ማስቲሽ፣ የተገኘው ሁሉ ይሞከራል።

የወረደውን ጨርቅ መልሶ መለጠፍ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ጨርቁ የወረደው ማስቲሹ ስለለቀቀ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከጨርቁ ጀርባ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ስፖንጅ አለ። ጨርቁ ከስፖንጁ፣ ስፖንጁ ደግሞ ከላይ ካለው ጠንካራ ሰሌዳ ጋር ተጣብቋል። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት የሚበሰብሰው ስፖንጁ ነው። በወረደው ቦታ ጣትዎን አስገብተው ያሹት። ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ ነገሩ አብቅቷል። የፈለጉትን ያህል ማስቲሽ ቢያፈሱበት ማስቲሹ የሚይዘው ዱቄቱን ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ የያዘው ነገር የለም። ጭራሽ ማስቲሹ ጨርቁን ዘልቆ ከፊት በኩል የማይለቅ ነጠብጣብ ይጥልበታል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሰሌዳውን ማውረድ፣ አሮጌውን መላጥ፣ አዲስ ጨርቅ ማልበስ።

መርፌ ቁልፍ እስከዚያ ድረስ ለማዝገም ይሁን እንበል። ረጅም ቡሎን ግን በፍጹም። ከሰሌዳው በላይ ያለው የመኪናው ላሜራ ነው፤ ክፍተቱም ጠባብ ነው። ጣሪያው ከውጭ ሲያብጥ ወይም ሲበሳ የቀለም ቤት ወጪም ተጨመረ ማለት ነው።

ሰሌዳውን በጉልበት ማውጣት። ከተጨመቀ ፋይበር ወይም ካርቶን የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከታጠፈ የታጠፈበት መስመር አይጠፋም። እንደ ቪትዝ ከኋላ ሰፊ በር ያለው መኪና ከሆነ በዚያ በኩል ያውጡት። ሴዳን (የዕቃ ማስቀመጫው ከኋላ ለብቻው የሆነ መኪና) ከሆነ የፊት ወንበሮችን አስተኝተው በተሳፋሪው በር ይሞክሩ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ጣሪያው ዳር ላይ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ኤርባጉ በሚወጣበት በኩል ጨርቅም ማስቲሽም አይድረስ።

አሮጌውን ስፖንጅ ሳያራግፉ አዲስ ማልበስ። ይሄ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙው ሰው በግማሽ የሚተወው። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ላይ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይፈግፍጉት። የሽቦ ብሩሽ ሰሌዳውን ይቦጫጭረዋል። ሲጨርሱ መዳፍዎን ያሳልፉበት። ዱቄት ከያዘ አልጨረሱም።

የመጋረጃ ጨርቅ መግዛት። መርካቶ ዋጋው ያጓጓል፣ ቀለሙም ያምራል። ስፖንጅ የሌለው ስስ ጨርቅ ግን የሰሌዳውን ጎድጓዳና ጭረት ሁሉ ያሳያል፣ ማስቲሹንም አይከልልም። ስፖንጅ የተለበጠበት ጨርቅ ይጠይቁ። ሲቆርጡም በየዳሩ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ።

ማስቲሹ ሳይጠነዝዝ መግጠም። በመጀመሪያ፣ ለወረቀትና ለእንጨት የሚሆን ኮላ እዚህ አያገለግልም። ማስቲሽም ቢሆን ሙቀት የሚችለው ይሁን፤ አዳማና ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና የሚያጠነክረው ሳይሆን የሚያቀልጠው ዓይነት አለ። በሰሌዳውም በስፖንጁም በኩል በስሱ ይቀቡና ይታገሡ። በጣት ሲነኩት መያዝ አለበት፣ ክር ማውጣት ግን የለበትም። እርጥብ እያለ ከገጠሙት ስፖንጁን ይበላዋል።

ጨርቁን ለሁለት አጥፈው ከመሃል ይጀምሩና ወደ ዳር በመዳፍዎ እያሹ ይሂዱ። እዚህ ጋ ሰውን የሚያሳስተው ጨርቁን መወጠር ነው። የፀሐይ መከላከያው የሚያርፍበትና የመብራቱ ዙሪያ ያሉት ጎድጓዶች ላይ ጨርቁን ወጥረው ካለፉ ያን ቀን ልሙጥና የሚያምር ይሆናል። ሁለት ፀሐያማ ሳምንት ሲያልፍ ግን ልክ እዚያ ጋ ይነሳል። ጨርቁ ጎድጓዳው ውስጥ በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። የመብራቱንም ቦታ ክብ አድርገው ቆርጠው አይጣሉ። በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቀው ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፈው ያስገቡ።

የወረደ ጨርቅ ላይ ቀለም መንፋት። ቀለም መቀየር የሚቻለው ጨርቁ ጥብቅ ብሎ ሳለ ነው። ስፖንጁ ከተዳከመ የቀለሙ እርጥበትና ክብደት ይጨርሰዋል። በዚሁ ምክንያት ከመቀባት በፊት በውሃ ማራስም ክልክል ነው፤ በትንሹ በራሰ ጨርቅ እየነኩ ያጽዱት። የሲጋራ ቢጫ ካልጸዳ በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ይወጣል። የዘይት ቀለም ጨርቁን እንደ ቆርቆሮ ያደርቀዋል፤ ለጨርቅ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ ይግዙ። መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያው የሚሸፍናት ቦታ ላይ ይሞክሩት። ከጥቁር ወደ ነጭ መመለስ ደግሞ አይታሰብ፤ ያን የፈለገ ጨርቁን ይቀይር። በተቻለ መጠን ሰሌዳውን አውርደው ይንፉት፤ መኪናው ውስጥ ከሆነ መስታወቱና ወንበሩ አብረው ይቀባሉ፣ ሽታውም ራስ ያዞራል።

ላዳንና ቮልስን እንደ ሌላው መኪና ማየት። እነዚህ ሰሌዳ የላቸውም። ጣሪያቸው የተሰፋ ልባስ ሆኖ በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ላይ ይንጠለጠላል። ዘንጎቹ እኩል አይደሉም፤ የፊቱ ከኋላው ጋ ከተቀያየረ ልባሱ አይወጠርም። ስለዚህ እያወጡ ቁጥር ይጻፉባቸው። የልባሱ ዳር የሚጣበቀው ከፊትና ከኋላ መስታወት ጎማ ሥር ስለሆነ መስታወቶቹ መውጣታቸው ግድ ነው። ዋጋ ሲነጋገሩ የመስታወቱን ማውጫና መመለሻ ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ጎማዎቹም በዚህ ዕድሜያቸው ደርቀው ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ አዲስ አፈላልገው ይዘው ይሂዱ።